ቁርስ የምንበላው ቆመን ነበር

በማድ ቤታችን የማቀዝቀዣው በር ሲከፈት ጥጉ አጠገቡ ያለውን የመሳቢያ እጀታ ይመታል። እጀታው ላይ ጥፍር የምታህል ጭረት አለች፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ወደ ቤቱ በገባንበት ሳምንት የጀመረች ናት። መጀመሪያ ሰሞን በሩን ቀስ አድርገን እንከፍት ነበር። በኋላ ተውነው። ዛሬ ያቺ «ቀጭ» የምትል ድምፅ ካልተሰማች ቤቱ የነቃ አይመስለኝም።

የጠዋቱ ሰልፍ ደግሞ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ምድጃው ፊት፣ እኔ ዕቃ ማጠቢያው ፊት፣ ልጃችን ኩባያውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጦ፣ እኅቱ በሩን ተደግፋ፤ ሁላችንም ቆመን ነው። የሚቀመጡት አማቴ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ከሳሎን በመጣ ወንበር ላይ፣ ያውም መተላለፊያው መካከል። ወደ ማቀዝቀዣው መሄድ የፈለገ ሁሉ «ይቅርታ፣ እማማ» ይላል፤ እሳቸው እግራቸውን ይሰበስባሉ። አንድ ቀን ጠዋት ስንት ጊዜ እንደሰበሰቡ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ጊዜ። ቁርሳቸው ገና አልተጋመሰም ነበር። ማድ ቤቱን እናድሰው፣ ቁርስ የሚበላበት የራሱ ጥግም ይኑረው ብዬ የወሰንኩት ያን ዕለት ነው። ባለቤቴ «ይኼን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስናገር የት ነበርክ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ዕቅዱን የጀመርኩት ሰው ሁሉ ከሚጀምርበት ነው፤ ከፎቶግራፍ። በአንድ ወር ውስጥ ከሁለት መቶ በላይ ሥዕል ስልኬ ላይ አከማቸሁ። እንደ ወተት የነጡ ቁምሳጥኖች፣ መስኮት ሥር የተሠሩ ባለ ትራስ አግዳሚ ወንበሮች፣ ከጣሪያ የተንጠለጠሉ የመዳብ መብራቶች። አንድ ምሽት ኮርቼ ለባለቤቴ አሳየኋት። ዝም ብላ ሠላሳ ያህሉን ካየች በኋላ «ቆሻሻ የሚጣለው የት ነው?» አለች። ሥዕሎቹን እንደ አዲስ ከመጀመሪያው አገላበጥኳቸው። ሁለት መቶ ማድ ቤት ውስጥ አንድ የቆሻሻ ቅርጫት አላገኘሁም። የታጠበ ዕቃ የሚንጠፈጠፍበት መደርደሪያ የለም፤ እርጥብ ፎጣ የለም፤ የስልክ ገመድ የለም። ሰውም የለም። ምግብ ተሠርቶባቸው የማያውቁ ማድ ቤቶች ነበሩ ስወዳቸው የከረምኩት።

ስለዚህ ስልኩን ትቼ ደብተር አወጣሁ። ለአንድ ሳምንት ማድ ቤት ውስጥ ማን የት እንደቆመ፣ ምን ፍለጋ የት እንደሄደ፣ ከማን ጋር እንደተጋጨ መዘገብኩ። ቤተሰቡ ሳቀብኝ፤ ልጄ «አባዬ ሰላይ ሆነ» ብሎ ለጓደኞቹ አወራ። ደብተሩ ግን ከሥዕሎቹ ሁሉ የበለጠ ነገረኝ። ለምሳሌ ከማጠቢያው ቀጥሎ በብዛት የምንመላለስበት ቦታ ምድጃው ይሆናል ብዬ ነበር። የቆሻሻ ቅርጫቱ ሆኖ ተገኘ። እሱ ደግሞ በሩ ኋላ ነው ያለው፤ ሽንኩርት የላጠ ሰው ልጣጩን በመዳፉ ይዞ፣ እያንጠባጠበ፣ ማድ ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል። ሌላም አለ፦ በየቀኑ የምንጠቀምባቸው ሳህኖች ከጭንቅላት በላይ ባለው ቁምሳጥን ውስጥ ሲሆኑ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የምናወጣው ትልቅ ድስት ግን ወገብ ላይ ያለውን ምርጥ ቦታ ይዟል። ማን እንዳስቀመጠው ማንም አያስታውስም። ዘጠኝ ዓመት እንዲያው ኖሮበታል።

ይህን ቆጠራ የጀመርኩት እኔ አለመሆኔን ያወቅሁት በኋላ ነው። ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ክሪስቲን ፍሬድሪክ የምትባል አሜሪካዊት በፋብሪካ የሠራተኛን እንቅስቃሴ ለመለካት የወጣውን ዘዴ ወደ ማድ ቤት አምጥታ፣ አንዲት ሴት ምግብ ስትሠራና ዕቃ ስታጥብ የምትራመደውን እርምጃ መቁጠር ጀመረች። ከእሷ በኋላ የመጣችው ሊሊያን ጊልብሬዝ ደግሞ መሐንዲስም የአሥራ ሁለት ልጆች እናትም ነበረች። በእግር ተረግጦ የሚከፈተው የቆሻሻ ቅርጫትና የማቀዝቀዣ በር ውስጠኛ መደርደሪያ የእሷ ሐሳብ መሆናቸው ይነገራል። ሁለቱም ዛሬ በቤታችን አሉ፤ አንዱን ብቻ በሩ ኋላ ደብቀነዋል።

ከሁሉም ይበልጥ የያዘኝ ግን የፍራንክፈርት ማድ ቤት የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች ኦስትሪያዊት አርክቴክት በኤርንስት ማይ መሪነት ይካሄድ ለነበረው የከተማይቱ የቤቶች ግንባታ የነደፈችው ነው፤ አሥር ሺህ ያህል ቤቶች ውስጥ ተገጥሟል። መነሻ ከሆኗት ነገሮች አንዱ በባቡር ምግብ ቤት ፉርጎ ውስጥ ያለችው ጠባብ ማድ ቤት ነበረች። ወርዱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ገደማ ነው። ሁሉ ነገር እጅ ሲዘረጋ ይገኛል፤ ዱቄቱና ስኳሩ የየራሳቸው መሳቢያ አላቸው፤ ከሥራ ጠረጴዛው የሚወርደውን ልጣጭ የሚቀበል መሳቢያ ሳይቀር አለው። ባለቤቴ ይህን ስታነብ ቀና ብላ አየችኝ። ያልተናገረችው ነገር ገባኝ።

ቁጥር ግን በወረቀት ላይ ሲነበብ ምንም አይልም። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ የሳሎኑን ምንጣፍ አነሳንና የፍራንክፈርትን ማድ ቤት በልኩ፣ በማጣበቂያ ፕላስተር፣ ወለሉ ላይ ሠራነው። ማጠቢያው እዚህ፣ ምድጃው እዚያ። ገብቼ ቆምኩበት። እውነትም ሁለት እርምጃ ሳልራመድ ሁሉ ጋ እደርሳለሁ፤ ድንቅ ነው። ከዚያ ባለቤቴ ገባች። ጀርባ ለጀርባ ተነካካን። ልጆቹ ተከትለው ሲገቡ መሥመሩን ሳይረግጥ መዞር የቻለ አልነበረም። አማቴ ከወንበራቸው ሆነው ሲያዩን ቆዩና «ይኼ እኮ የአንድ ሰው ቤት ነው» አሉ።

በዚያ ማድ ቤት ላይ ከተነሡት ነቀፌታዎች አንዱም ይኸው ነው፤ ሥራውን አቀለለ፣ ሠሪዋን ግን ከቀረው ቤተሰብ ለይቶ ብቻዋን አስቀመጣት። ነዳፊዋን አልወቅስም፤ በጊዜዋ ለጠባብ ቤትና ለደከመች ሴት አስባለች። እኛ ግን ችግራችን እርምጃ መብዛቱ አልነበረም። ችግራችን አምስት ሰው በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ስፍራ መሆኑ ነው። ፕላስተሩን ከወለሉ ላይ ስንልጥ ዕቅዳችንም ዐብሮ ተቀየረ ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ጥናት ያወጣው የሦስት ማዕዘን ደንብ ዛሬም በየመመሪያው አለ። ማጠቢያ፣ ምድጃና ማቀዝቀዣ በሦስት መሥመር ሲያያዙ እያንዳንዱ መሥመር ከ1.2 እስከ 2.7 ሜትር፣ ሦስቱ ሲደመሩ ደግሞ ከ4 እስከ 7.9 ሜትር ይሁን ይላል። የእኛ ድምር 5.4 ሜትር ነው። እንግዲህ በደንቡ መሠረት ማድ ቤታችን እንከን የለሽ ነው! የአማቴ ወንበር ሦስት ማዕዘኑ መሐል መቀመጡን ግን ደንቡ አይጠይቅም። ይልቅ የጠቀመን የመተላለፊያ ስፋት ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚሠራበት መተላለፊያ ቢያንስ 107፣ ሁለት ሰው የሚሠራበት 122 ሴንቲ ሜትር ይሁን ይባላል። የእኛን ለካሁት፤ 91። ትዳራችን ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት እንደቆየ ገረመኝ።

ቀጥሎ የመጣው የቁመት ጉዳይ ነው፤ ስለ እሱ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ወገቤ ያረጀው በእሱ ይመስለኛል። የማድ ቤት የሥራ ጠረጴዛ በአብዛኛው 90 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። ለማን ተብሎ? አናጺያችን የነገሩኝ መለኪያ ቀላል ነው፤ ቀጥ ብለህ ቁም፣ ክንድህን እጠፍ፣ ከክርንህ ሥር ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ በል፤ እዚያ ላይ ነው የምትከትፈው። የባለቤቴ ቁመት 1.58 ነው፤ ክርኗ 99 ላይ ይውላል። ለእሷ 90 የሚባለው ከልኩ እምብዛም አይርቅም። እኔ 1.83 ነኝ፤ ክርኔ 115 ላይ ነው። ለእኔ ትክክለኛው ከ100 በላይ ነው ማለት ነው። ይህም ለመክተፊያ ነው። ማጠቢያ ደግሞ ሌላ ነው፤ እጅ የሚሠራው ከጠርዙ ሳይሆን ከገንዳው ወለል ላይ ነው፤ ገንዳው 20 ሴንቲ ሜትር ይጠልቃል። ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳህን ያጠብኩት 70 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ በጉልበቴና በወገቤ መካከል፣ እንደ ሽመላ ጎንበስ ብዬ ነው።

«ሁሉም አንድ ቁመት ካልሆነ አያምርም» ብሎ የተከራከረ አንድ ባለሙያ ነበር። ልክ ነው፤ በፎቶግራፍ አያምርም። እኛ ግን ሥራ ተከፋፍለናል፤ ምግቡን በአብዛኛው እሷ ትሠራለች፣ ዕቃውን እኔ አጥባለሁ። የመክተፊያው ወገን 90 ላይ ይቆያል፤ የማጠቢያው ወገን 98 ይሆናል። ስምንት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላት አንዲት ደረጃ በሁለቱ መካከል ትታያለች። ልጄ ሥዕሉን አይቶ «ይኼ የአባዬ ግዛት፣ ይኼ የእማዬ ግዛት» አለ። እንደ ድንበር ቢታይም ግድ የለኝም።

አሁን ወደ መስኮቱ። አንድ ጥሩ መስኮት ነው ያለን፤ ማጠቢያው ሥሩ ነው ያለው። በስልኬ ካከማቸኋቸው ሥዕሎች ውስጥ የቁርስ ጥግ ከመስኮት ርቆ የተሠራበት አንድም አልነበረም፤ ስለዚህ በእኔ ዕቅድ ማጠቢያው ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ሄዶ አግዳሚ ወንበሩ መስኮቱ ሥር ይሆናል። የቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። ቆሻሻ ውኃ በራሱ ክብደት ነው የሚፈሰው፤ ቧንቧው በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ማጠቢያው በአዲሱ ቦታ ከማስወገጃው 4 ሜትር ይርቃል፤ 8 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ይፈልጋል። ወለሉ ያን ያህል ጥልቀት የለውም። ወይ ወለሉ ይሰበር፣ ወይ ማድ ቤቱ በደረጃ ከፍ ይበል። ደረጃ! ለአማቴ ጉልበት!

ይህ ብቻውን በቂ ነበር፤ ነገሩን የቋጨችው ግን ባለቤቴ ናት። «ማጠቢያው ፊት በቀን ስንት ሰዓት ትቆማለህ?» አለችኝ። ደብተሬን አየሁ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ። «ቁርስ ላይ ስንት ደቂቃ እንቀመጣለን?» ሃያ፣ ከበዛ። «ታዲያ መስኮቱ ለማን ነው የሚያስፈልገው?» በዚህ ክርክር ተሸንፌ የማላውቀውን ያህል ደስ ብሎኝ ተሸነፍኩ፤ መስኮቱ የእኔ ሆኖ ቀረ።

ለቁርሱ የቀረው ቦታ በጓሮ በር አጠገብ ያለው ጨለማ ጥግ ብቻ ነበር። እዚያ ከጣሪያ የሚደርስ አሮጌ ቁምሳጥን ቆሟል። ውስጡ ያለውን ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀብን፤ ክዳን የሌላቸው ዕቃዎች፣ ዕቃ የሌላቸው ክዳኖች፣ ሦስት የተበላሹ መፍጫዎችና ሥራው ምን እንደሆነ ማናችንም ያላወቅነው አንድ ብረት። ቁምሳጥኑን ገፍተን ወደ ጓሮ ስናወጣ መሽቶ ነበርና ምንም አላየንም። በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገብቼ በሩ ላይ ቆምኩ። የጓሮው በር የላይኛው ግማሹ መስታወት ነው፤ ፊቱም ወደ ምሥራቅ ነው። ቁምሳጥኑ የበሩን አንድ ጎን ከልሎት ኖሮ፣ አሁን የጠዋት ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ ጥጉን ከወለል እስከ ትከሻ ሞልታዋለች። ጨለማ ነው ያልነውን ጥግ ያጨለምነው እኛው ነበርን።

እንጨት ከመቁረጣችን በፊት በካርቶን እንሞክረው ያለችው ልጄ ናት፤ ለትምህርት ቤት ሥራ ቤት መሥራት ለምዳለች። የማቀዝቀዣና የቴሌቪዥን ካርቶኖች ሰብስበን፣ ሥራቸው ውስጥ የመጽሐፍ ሣጥኖች ደርድረን፣ ጥጉን ተከትሎ የሚታጠፍ አግዳሚ ወንበር ሠራን። ከላዩ ሳንቃ ጋደምንበት። ጠረጴዛውን ከአሮጌ በር ሠራነው። ልኩን ከመጽሐፍ አገኘሁ፤ መቀመጫው 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ 45 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፤ ጠረጴዛው 75 ከፍታ፤ ለእያንዳንዱ ተቀማጭ 60 ሴንቲ ሜትር ወርድ። በመቀመጫውና በጠረጴዛው መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ይቀራል፤ ለጭን። ሁለት ሳምንት ቁርስ በላንበት።

በመጀመሪያው ጠዋት አራት ስሕተት አገኘን። አንደኛ፣ ጥጉ ላይ ሰው አይቀመጥም፤ በወረቀት ላይ የስድስት ሰው ወንበር ያልኩት፣ ጥጉ ላይ ሁለት ሰዎች ጉልበት ለጉልበት ስለሚጋጩ የአምስት ነው። ሁለተኛ፣ ጠረጴዛው አራት እግር ስላለው ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ እግሩን ያጋጫል፤ መሐሉ ላይ አንድ ወፍራም እግር ያለው መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ የጠረጴዛው ጠርዝና የመቀመጫው ጠርዝ በአንድ ቀጥታ መሥመር ላይ ነበሩ፤ ይህ በሥዕል ሲታይ ንጹሕ ነው፤ ለሚበላ ሰው ግን ሳህኑ ይርቀዋል፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ይጎርሳል። ጠረጴዛው ከመቀመጫው ጠርዝ በላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ገባ ማለት አለበት። ቀጥ ያለው የጀርባ መደገፊያም ከአሥር ደቂቃ በላይ አያስቀምጥም፤ ትንሽ ወደ ኋላ ጋደል ይበል ተባለ።

አምስተኛውን ያገኘነው በሦስተኛው ቀን ነው። አማቴ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት «ጉዳይ አለኝ» እያሉ ቁርሳቸውን በኋላ በሉ። በሦስተኛው ቀን ቀድመው ገብተው መካከል ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ ግራና ቀኝ ዘጓቸው። ቁርሱ ሲያልቅ ሁሉም እስኪነሣ ዝም ብለው ጠበቁ፤ ከዚያ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ወደ ጎን መንሸራተት ጀመሩ። ትንሽ ሄደው ያርፋሉ፤ ትንሽ ሄደው ያርፋሉ። ካርቶኑ ከሥራቸው ይንቋቋል። እጄን ስዘረጋ «ተወኝ ልጄ፣ እወጣለሁ» አሉኝ። ወጡ። ግን እኔ ለእሳቸው ብዬ የጀመርኩት ዕቅድ፣ ከመተላለፊያው አንሥቼ ወጥመድ ውስጥ እንዳስገባኋቸው ያን ጊዜ ታየኝ። ቀድሞ እግራቸውን ነበር የሚሰበስቡት፤ አሁን መላ ሰውነታቸውን።

ስለዚህ አግዳሚ ወንበሩ አጠረ። በጓሮው በር በኩል ያለው ጫፍ ተቆርጦ በቦታው መደገፊያና ክንድ ማሳረፊያ ያለው ራሱን የቻለ ወንበር ገባ፤ ክንድ ማሳረፊያው ለመነሣት ነው። ከወንበሩ ጀርባ ሰው የሚያልፍበት 90 ሴንቲ ሜትር አስቀረን። የተመጣጠነው ቅርጽ ፈረሰ፤ አንድ ወገን ረጅም፣ አንድ ወገን አጭር ሆነ። ከሥዕሎቹ ጋር ጭራሽ አይመሳሰልም።

ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። የላይኛው ቁምሳጥን ከሥራ ጠረጴዛው 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ የታችኞቹ በር ያላቸው ሳይሆኑ መሳቢያ ይሆናሉ፤ ወደ ጨለማ ተንበርክኮ ድስት መፈለግ በቃኝ። የቆሻሻ ቅርጫቱ ከመክተፊያው ሥር መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ ፍራንክፈርት በዚህ አሸነፈች። መብራቱ ከጣሪያ መሐል ብቻ ከሆነ ሠሪው በራሱ ጥላ ላይ ነው የሚከትፈው፤ ስለዚህ ከላይኛው ቁምሳጥን ሥር፣ ወደ ፊተኛው ጠርዝ ተጠግቶ፣ ሌላ መብራት ይዘረጋል። የጠረጴዛው መብራት ከጠረጴዛው ፊት 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል፤ ብርሃኑ 2700 ኬልቪን፣ ወደ ቢጫ ያደላ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ውኃ አጠገብ ላሉት ሶኬቶች ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ በቅጽበት የሚቆርጥ መሣሪያ ካልተገጠመ ሥራውን አልረከብም አለ፤ ወደድኩት። አንድ ግድግዳ ላፈርስ አስቤ ነበር፤ ጣሪያውን የተሸከመው እሱ መሆኑን መሐንዲስ ነገረኝ፤ ተውኩት።

ስለ ድንጋዩ ግን አንድ ነገር ማለት አለብኝ። እብነ በረድ እንዲሆን እፈልግ ነበር። እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ሲፈስበት አሲዱ ልስላሴውን በልቶ ደብዛዛ ነጠብጣብ ይተዋል፤ በእኛ ቤት ሁለት ሳምንት አይቆይም። ከዚያ ሰው ሠራሹን የኳርትዝ ድንጋይ አሰብኩ፤ በቀላሉ አያረጅም፣ ቀለምም በቀላሉ አይመጥም። ነገር ግን ሲቆረጥ የሚወጣው የሲሊካ ብናኝ የቆራጮቹን ሳንባ ያጠፋል፤ አውስትራሊያ በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ እንዲህ ያለው ድንጋይ እንዳይመረት፣ እንዳይቀርብና እንዳይገጠም ከልክላለች። ይህን ካነበብኩ በኋላ እጄን ላሳርፍበት አልፈቀድኩም። ግራናይትም ሲቆረጥ ብናኝ አለው፤ የሲሊካ መጠኑ ግን ያንሳል፤ በውኃ እያራሰ የሚቆርጥ ሰው ፈልጌ ጥቁር ግራናይት መረጥኩ። ባለቤቴ ናሙናውን ጠዋትና ማታ እያየች አንድ ሳምንት ማጠቢያው አጠገብ አቆየችው። ቀን ቀን ጥቁር ነው፤ ማታ በመብራት ሥር አረንጓዴ ነገር ብልጭ ይልበታል። ወደደችው።

ለቁምሳጥኖቹ ደግሞ ማጠቢያው ሥር የሚሆነውን ብቻ በኮምፔንሳቶ እናሠራለን። አሁን ያለው ከተፈጨ እንጨት የተጣበቀ ነው፤ ከቧንቧው ለዓመታት ጠብ ጠብ ባለው ውኃ ታችኛው ጠርዙ እንደ ተነከረ ዳቦ አብጦ ተፈርፍሯል። ለሌላው ርካሹ ይበቃል። ከገንዘባችንም ከመቶ 15 እጁን እንዳንነካው ለብቻው አስቀምጠናል፤ አሮጌ ግድግዳ ሲከፈት ምን እንደሚወጣ አይታወቅምና።

ሥራው ገና አልተጀመረም። ባለፈው እሑድ አናጺው ለመጨረሻው ልኬት መጡ። ሸምገል ያሉ፣ ንግግራቸው ጥቂት የሆነ ሰው ናቸው። የካርቶኑን ጥግ ሲያዩ ሳቁ፤ ደብተሬን ሲያዩ ሣቃቸውን ዋጡ።

«ይኼ ለብቻው የሆነው ወንበር የማን ነው?» አሉኝ።

«የአማቴ ነው፣ ጋሼ።»

«ለክተሃቸዋል?»

የመቀመጫ ልክ 45 ነው፣ መጽሐፉ እንዲህ ይላል አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡኝ ወደ ሳሎን ዞረው «እመቤቴ፣ ካላስቸገርኩ አንድ ጊዜ ብቅ ይበሉልኝ» አሉ። አማቴ መጥተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እውነትም ተረከዛቸው ወለሉን አልነካም፤ ጣቶቻቸው ብቻ ናቸው የነኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ አላየሁትም፤ እሳቸውም አልተናገሩም። አናጺው ተንበርክከው ሜትራቸውን ከጉልበታቸው ማጠፊያ እስከ ወለል ዘረጉ።

«ጫማ ያደርጋሉ ጠዋት?»

«ነጠላ ጫማ» አሉ አማቴ።

አናጺው ጆሯቸው ላይ ከሰኳት እርሳስ ጋር ጥቂት ታገሉና ካርቶኑ ላይ 41 ብለው ጻፉ። እኔ ከጎኑ ጽፌው የነበረውን 45 ሰረዝኩት።

«ጠረጴዛውስ?» አልኳቸው። «ለእሳቸው 75 ሊበዛባቸው ነው።»

«ጠረጴዛው የሁላችሁ ነው» አሉ ሜትራቸውን እየጠቀለሉ። «ትራስ ይጨመርላቸዋል፤ ከእግራቸው ሥር ደግሞ እኔ አንዲት መርገጫ እሠራለሁ፤ እሷን አልቆጥርብህም።»

አማቴ አልተነሡም። ፀሐይዋ ወደ ክንድ ማሳረፊያው ደርሳ ነበር፤ ሻያቸውን እዚያው እንድናመጣላቸው ጠየቁ።